ቁንጫና የምትኖርበት መሬት

በምዕራብ አርማጭሆ፣ በአብርሃ ጅራ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የእርሻ መንደሮች የእንስሳትን ጤና ለመጠበቅ የተሰማራ ሰው፣ ጊዜው ሁሉ የከብትን መዥገር በመከላከልና ፍየልን በመከተብ የሚያልቅ መስሎ ቢታየውም፣ ሰኔ ገብቶ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ በየደጃፉ የሚጠብቁት እናቶች የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ላምም ስለ ፍየልም ሳይሆን፣ ልጆቻቸውን ሌሊቱን ስታሳክክ ስለምታድረው፣ የውሻውን ወገብ ስለመለጠችውና ድመቲቱን ጠጕሯን ስላስነጨቻት ቁንጫ ነው። «ልጄ፣ ውሻው ላይ የሚረጭ መድኃኒት የለህም ወይ?» ይላሉ። በዚህ ሥራ ከቆየሁ ወዲህ የእኔም መልስ በጥያቄ የሚጀምር ሆኗል፤ «እናቴ፣ ውሻው የሚተኛው የት ነው?» እላለሁ።

ሊቃውንት የመጽሐፍን ምሥጢር ሲተረጕሙ፣ ዳዊት በዓይንጋዲ ምድረ በዳ በሳኦል ፊት ራሱን ከሞተ ውሻና ከአንዲት ቁንጫ ጋር ማስተካከሉን የትሕትና አብነት አድርገው ያስተምራሉ፤ ትምህርታቸውም የታመነ ነው። እኔ ግን ከሥራዬ የተነሣ ያንን ምዕራፍ ባነበብኩ ቍጥር፣ ውሻንና ቁንጫን አጣምሮ ማየት ከጥንት የመጣ ልማድ መሆኑን፣ ይህም ልማድ ሦስተኛውን ባለጉዳይ፣ ማለት መሬቱን፣ ከዓይናችን እንደሰወረው አስባለሁ። ውሻው ለጎለመሰችው ቁንጫ ማዕድ ነው፤ የዘሯ ማኅደር ግን ውሻው የሚተኛበት ትቢያ ነው።

ተባይን የሚመረምሩ ጠበብት እንዳስረዱት፣ በአንድ ቤት ካለው የቁንጫ ዘር ሁሉ ጎልምሶ በእንስሳ ገላ ላይ ደም የሚመጠው ከ100 እጅ 5ቱ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የቀረው 95ቱ እጅ እንቁላል ወይም እጭ ሆኖ፣ አለዚያም በድር ከረጢት ውስጥ ተሸሽጎ በወለሉና በመኝታው ውስጥ ይገኛል። እንስቲቱ ደም ከጠጣች በኋላ በቀን እስከ 40ና 50 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሉም ለስላሳ ስለሆነ ከጠጕር ጋር አይጣበቅም፣ ውሻው ሲራገፍና ሲተኛ ወደ መሬት ይወርዳል። ከ2 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ የሚፈለፈለው እጭ ነጭ፣ ቀጭን፣ ዓይን የሌለው ትል ነው፤ ዓይን ባይኖረውም ብርሃንን ይሸሻል፤ የሚመገበውም በአብዛኛው የጎለመሰችው ቁንጫ የምትጥለውን የደረቀ የደም ኵስ ነው። እንግዲህ እናቲቱ ከላይ፣ ከእንስሳው ጀርባ ላይ ሆና፣ ለማታያቸው ልጆቿ ቀለባቸውን ታዘንብላቸዋለች ማለት ነው። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት በራሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ለባለሙያው ደግሞ የሥራውን መንገድ ያሳየዋል፤ ውሻው በሚተኛበት ቦታ እንቁላሉም ምግቡም በአንድነት ይወድቃሉና።

የቆላችን ፀሐይ በዚህ ጉዳይ ታላቅ ረዳት ናት። ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ እጩ አድጎ ለመጎልመስ አይችልም፤ የአየሩ እርጥበት ከግማሽ በታች ሲወርድም ይደርቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በእኛ አገር፣ የተጠረገና ጥላ የሌለው ግቢ ለቁንጫ ዘር መቃብር ነው። ስለዚህ የቆላ ቁንጫ በግድ የጥላና የእርጥበት ነዋሪ ናት። እኔም ወደ አንድ ቤት በገባሁ ጊዜ አስቀድሜ የማየው የውሃው ጋን የተቀመጠበትን ሥፍራ ነው፤ ጋኑ ሲያልብ በዙሪያው ያለው አፈር በበጋም ቢሆን እንደ ረጠበ ይኖራል፣ ውሻውና ድመቲቱም የቀትሩን ሐሩር ለማሳለፍ የሚመርጡት ያንኑ ቦታ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የጠፍር አልጋውን ሥር፣ የጎታውን ጥግ፣ የማሽላ አገዳው ግድግዳ ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበትን ስንጥቅ፣ የፍየሎቹንም በረት እመለከታለሁ። ክረምት ሲሆን ግን እርጥበቱ በሁሉም ቦታ ስለሚሆን የቁንጫይቱ ርስት ይሰፋል፤ ጥያቄውም የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጥበት ነገር የድሩ ከረጢት ነው። እጩ ካደገ በኋላ በራሱ ላይ ድር ይፈትላል፤ አቧራና አሸዋ ስለሚጣበቅበትም ከአፈሩ ለመለየት ያስቸግራል፤ የሚረጨው መርዝም ወደ ውስጡ አይዘልቅም። በዚያ ውስጥ ሆኖ ለብዙ ወራት ሊቈይ ይችላል፤ የእግር ንዝረት፣ የገላ ሙቀትና የትንፋሽ አየር በተሰማው ጊዜ ግን በቅጽበት ይወጣል። በየእርሻው ካምፕ የተሠራው ጎጆ መከሩ ካለቀ በኋላ ሰውም ውሻም ሳይኖርበት ከርሞ፣ በሰኔ ሠራተኞች ገብተው ሰሌናቸውን በዘረጉበት በመጀመሪያው ሌሊት በቁንጫ የሚወረሩት በዚህ የተነሣ ነው። ቤቱ ተደግሞበታል ሲሉ የሰማኋቸው ሰዎች ነበሩ፤ ሲጠባበቅ የከረመው ግን ይኸው ከረጢት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ሰው ከማደሩ በፊት በእግር እየተመላለሱ፣ ወለሉንም በመጥረጊያ እየመቱ ማነሣሣት፣ ከከረጢቱ የወጣውንም ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

ስለ እንስሳው መታጠብ ስናገር በመጀመሪያ የማነሣው የልማዳችንን ነገር ነው። ውሻ በእኛ ዘንድ የግቢ ጠባቂ እንጂ የቤት ውስጥ ጓደኛ አይደለም፤ ርኵስ ነው ተብሎም ስለሚታሰብ ታላላቆቹ አይነኩትም፤ የሚዳብሰው እረኛው ልጅ ብቻ ነው። በዚህ ልማድ ላይ ክርክር አላነሣም፤ ነገር ግን ጅብን ከበረት የሚመልስ ፍጥረት በጤና እንዲኖር መንከባከብ ዕዳችን ነው እላለሁ። ሥራው ለልጁ የሚሰጥ ከሆነም ትልቅ ሰው አብሮት ይቁም፤ የውሻው አፍ በጨርቅ በልኩ ይታሰር፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም አስቀድሞ ይፈጸም። ቁንጫ መኖሯን ለማረጋገጥ ጠጕሩን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሮ የወረደውን ጥቁር ብናኝ በረጠበ ነጭ ጨርቅ ላይ ማድረግ ይበቃል፤ ቀይ ቡኒ ሆኖ ከቀለጠ የደም ኵስ ነው። አጠባው ከአንገት ይጀመር፤ በአንገቱ ዙሪያ ወፍራም የሳሙና አረፋ ቀድሞ ካልተደረገ፣ ቁንጫዎቹ ከውሃው ሸሽተው ወደ ጆሮውና ወደ ዓይኑ ይወጣሉና። አረፋው ጥቂት ከቈየበት በኋላ እየታጠበ ይበጠር፤ በማበጠሪያው የተያዘውም ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ይጨመር። ንጹሕ ውሃ ቁንጫን በላዩ ያንሳፍፋታል፤ ሳሙና የገባበት ግን ያሰጥማታል።

በዚህ ሥፍራ የእንዶድ ነገር ይነሣል፤ ከደጋ ወደ ገበያችን ሲወርድ የሚገዙት ብዙዎች ናቸውና። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ሳሉ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ያደረጉት ምርምር በዓለም የታወቀ ነው። የእንዶድ አረፋ እንደ ሳሙና ቁንጫን ያሰጥማል። ቢሆንም ዓይንንና የአፍንጫን ውስጥ ስለሚያቃጥል፣ ወደ ወንዝ ቢፈስም ዓሣን ስለሚገድል፣ እኔ ተራውን የልብስ ሳሙና እመርጣለሁ።

ከአጠባው የሚበልጠው ድካም የወለሉ ነው፤ ይህም ውሻው በታጠበበት በዚያው ቀን መፈጸም አለበት። አልጋው ይነሣል፣ ጋኑ ይነሣል፣ ጥጉ ሁሉ ይጠረጋል፤ ጥራጊውም ወደ አጥር ሥር ሳይጣል ይቃጠላል። ቁርበቱ፣ ሰሌኑና ፍራሹ በቀትር ፀሐይ ላይ ይዘረጋሉ፣ ይገለባበጣሉም፤ መታጠብ የሚችለው ልብስ በፈላ ውሃ ይቀቀላል። እናቶቻችን ወለሉን በእበትና በአመድ የሚለቀልቁት ልቅለቃ እጩ የሚሸሸግበትን ስንጥቅ ስለሚደፍን የሚመሰገን ጥበብ ነው፤ ሆኖም በጠራ ቀን በጥዋት ተለቅልቆ እስከ ማታ ሊደርቅ ይገባዋል፣ እርጥብ ሆኖ ካደረ ጠላትን ይጠቅማልና። ጋኑም ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ ቢቀመጥ ከሥሩ ያለው አፈር ይደርቃል። ማታ ማታ ደግሞ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በሰፊ ሳህን ወለሉ ላይ አስቀምጦ ከበላዩ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ማብራት፣ ወደ ብርሃኑ የምትዘልቀውን ቁንጫ ይይዛል፤ በሣር ጎጆ ውስጥ ኩራዝ ማኖርን ግን አልመክርም። ይህ ሁሉ በየሳምንቱ ሊደገም፣ ከረጢቱም እስኪያልቅ ድረስ እስከ ሁለት ወር ሊቀጥል ይገባል። የአንድ ቀን ዘመቻ ምንም ያህል ቢከብድ ፍሬ የለውም።

ከቁንጫ ይልቅ የሚያስፈራኝ የእርሻው መርዝ ነው። አብርሃ ጅራ የሰሊጥ አገር ናትና ማላታይን፣ ዲያዚኖን፣ ሌላም የሰብል መድኃኒት በየቤቱ ጥግ አይታጣም፤ ስያሜው ሳይጻፍበት በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ለማሳ የተዘጋጀውን መርዝ ልኩን ሳያውቁ በውሻ ላይ ማፍሰስ፣ ምራቁን ሲያዝረበርብ፣ ሲንቀጠቀጥና ትንፋሹ ሲቈረጥ ለማየት መዘጋጀት ነው፤ ሕፃኑም ያንኑ ውሻ ሲያቅፍ መርዙን ይካፈላል። ለውሻ የተፈቀደው ፐርሜትሪን እንኳ ድመትን ይገድላል፤ ድመት በዚህ አገር የጎታ ጠባቂ ስለሆነች ጉዳቱ እጥፍ ነው። አይቨርሜክቲን የተባለው መርፌ ለሌላ ተባይ የሚጠቅም ቢሆንም ለቁንጫ የሚታመን አይደለም። ለውሻና ለድመት ተለይተው የተሠሩ መድኃኒቶች አሉ፤ ሲገኙም በእንስሳው ክብደት ተመዝነው በባለሙያ እጅ መሰጠት አለባቸው።

የድካሙ ዋጋ ከማሳከክ ያለፈ ነው። በበረት የተወረረ የፍየል ግልገል ደሙ አልቆ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ነጥቶ ሲሞት አይቻለሁ። በቁንጫ ውስጥ የሚያድግ የውሻ ኮሶም አለ፤ በወለል የሚጫወት ሕፃን ቁንጫይቱን ሳያውቅ ከዋጠ ትሉ ወደ እርሱ ያልፋል። ፖል ሉዊ ሲሞን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1898 በካራቺ ከተማ፣ ቸነፈር የተባለው መቅሠፍት ከአይጥ ወደ አይጥ የሚተላለፈው በቁንጫ መሆኑን ካሳየ ወዲህ፣ ቁንጫ የሞተችውን አይጥ ትታ ሌላ ገላ እንደምትፈልግ የታወቀ ነው። ስለዚህ የሰሊጥ መጋዘን ያለው ሰው አይጡን በመርዝ ከመፍጀቱ በፊት ወለሉን ከቁንጫ ያጽዳ፤ የሞተውንም አይጥ በእጁ አይንካ፣ ፈጥኖም ይቅበር። በቆላችን የሚፈራውን ካላዛርን የምታስተላልፈው ግን ቁንጫ ሳትሆን የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት አልፎ ጣፊያው ያበጠ ሰው በቁንጫ ሳያሳብብ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለአገሬ ሰው የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ውሻዎቻችን አጥር ለአጥር ስለሚገናኙ ጎረቤታሞች ወለላችሁን በአንድ ሳምንት አጽዱ፤ መርዝ የምትሸጡ ነጋዴዎችም ስያሜው ከተጻፈበት ዕቃ አውጥታችሁ በሃይላንድ ጠርሙስ አትቅዱ፤ ሰውም ሆነ እንስሳ በመርዝ በተጐዳ ጊዜ፣ ተጐጂውን ስታመጡ መርዙ የነበረበትን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዛችሁ ኑ፤ ያለ እርሱ ሐኪሙ የትኛውን ማርከሻ እንደሚሰጥ ለማወቅ ይቸገራል።