ስሙ ያሳሳተው ፀረ እንግዳ አካል

ከሥሩ «ኤስሲ35» ተብሎ የተጻፈበት የሴል ምስል ካጋጠማችሁ እስቲ ትንሽ ቆም በሉ። ኒውክለሱ ውስጥ የሚያበሩት ነጠብጣቦች እውነተኛ ናቸው። ጥያቄው የሚያበራው ፕሮቲን የትኛው ነው የሚለው ነው።

ነጠብጣቦቹ ኒውክለር ስፔክል ይባላሉ። አር ኤን ኤን ቆርጠው የሚቀጥሉ፣ ማለትም ስፕላይሲንግ የሚሠሩ ፕሮቲኖች እዚያ ይከማቻሉ። ኤስሲ35 አንዱ ነው። እሱን ያሳያል የተባለው የአይጥ ፀረ እንግዳ አካል በ1990 እ.ኤ.አ. በፉ እና ማኒያቲስ ጥናት ቀረበ። አይጧ የተከተበችው ግን በአንድ የተጣራ ፕሮቲን አልነበረም፤ ብዙ ፕሮቲኖችን ባንድነት በያዘው በስፕላይሶሶም ነበር። ታዲያ ከዚያ ሁሉ የትኛውን እንደሚይዝ በምን ታወቀ? በዋናነት በክብደት። 35 ኪሎዳልተን አካባቢ መስመር ታየ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ2020 እ.ኤ.አ. በርሊን ያለው የማክስ ፕላንክ ሞለኪዩላር ጄኔቲክስ ተቋም ቡድን ፀረ እንግዳ አካሉ ከሴል ውስጥ ምን ይዞ እንደሚወጣ መረመረ። በብዛት የወጣው ኤስአርአርኤም2 የተባለ፣ 300 ኪሎዳልተን ገደማ የሚመዝን ግዙፍ ፕሮቲን ሆነ! 35 ላይ የሚታየው መስመርስ? እሱም ኤስሲ35 አይደለም፤ ኤስአርኤስኤፍ7 የሚባል ዘመዱ ነው።

እንዴት ሳይታይ ቀረ? ግዙፍ ፕሮቲን እኮ በተለመደው ጄል ላይ በደንብ አይንቀሳቀስም፤ ከጄሉ ወደ ሜምብሬኑም በቀላሉ አይሻገርም። ትንሹ ዘመድ ደግሞ በተጠበቀው ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

በእኔ ግምት የቆዩት ምስሎች አይጣሉም፤ ስፔክል የት እንዳለ በትክክል ያሳያሉ። የሚያሰጋው «ኤስሲ35 ጨመረ፣ ቀነሰ፣ ቦታ ቀየረ» የሚለው ድምዳሜ ነው። ነገሩ ቀላል አይደለም፤ የኤስሲ35 ጂን ለውጥ በአንዳንድ የደም ካንሰሮች ላይ ይገኛል። ያንን የሚያጠና ተማሪ በዚህ ፀረ እንግዳ አካል ቢለካ ሌላ ፕሮቲን ለክቶ ይመለሳል።

ከጥናቱ ይበልጥ የወደድኩት ማረጋገጫውን ነው። የተለመደው ፍተሻ ጂኑን አጥፍቶ ብርሃኑ መጥፋቱን ማየት ነው፤ ሴሉ ያለዚያ ጂን መኖር ካልቻለ ግን ይህ አይሠራም። ቡድኑ ኤስአርአርኤም2ን በተለያየ ቦታ ላይ ቆርጦ አሳጠረው። ፀረ እንግዳ አካሉ የሚይዘው ክፍል ሲቆረጥ ምልክቱም አብሮ ጠፋ።