በፊት ላይ የደም ቅዳን መንገድ ስለሚያመለክቱ ምልክቶች

ፊትን መልሶ ለሚሠራ ሐኪም የደም ቅዳን መንገድ ከቆዳው በላይ ሆኖ ማወቅ የሥራው ግማሽ ነው። አፍንጫ ለመሥራት ከግንባር ተነሥቶ ወደ ታች የሚዞረው ቆዳ በአንድ ጠባብ ግንድ ተንጠልጥሎ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በዚያ ግንድ በኩል ደም ካልደረሰው ጠቁሮ ይሞታል፤ በሽተኛውም አፍንጫ ሳያገኝ የግንባሩን ቆዳ ያጣል።

ስለዚህ ደም ቅዳ መማሪያ መጻሕፍት የሚሰጡን ልክ ከፊት መካከል ወደ ጎን ከ1.7 እስከ 2.2 ሴንቲ ሜትር ነው። ልኩ ስሕተት የለበትም፤ የምነቅፈው አጠናናችንን ነው። ለፈተና «ሁለት ሴንቲ ሜትር» ብለን እንይዘዋለን። ነገር ግን የግንዱ ስፋት ከ1.2 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን የአምስት ሚሊ ሜትር ልዩነት የሚናቅ አይደለም። የአንዱም ሰው ፊት ከሌላው ይሰፋል።

ከዚህ ይልቅ የመንገጭላው ምልክት የተሻለ ነው። በሽተኛው ጥርሱን ሲነክስ ማሴተር የተባለው የማኘኪያ ጡንቻ ይጠነክራል፤ ከጡንቻው ፊት ለፊት በመንገጭላው አጥንት የታችኛ ጠርዝ ላይ የፊት ደም ቅዳ ሲመታ በጣት ይታወቃል። ደም መልሱ ከበስተኋላው ነው። እዚህ ቁጥር የለም፤ አጥንትና ጡንቻ ከባለቤታቸው ጋር ስለሚያድጉ ለትልቁም ለትንሹም ፊት ያገለግላሉ፤ ጣትም ምስክር ይሆናል። ከዚያ በላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሥዕሉ እስከ ዓይን ማእዘን የሚደርስ አንድ ቀይ መስመር ያሳያል፤ በብዙ ሰው ግን ደም ቅዳው ከከንፈር ወይም ከአፍንጫ አጠገብ ያልቃል።

ዋናው ጉድለት ይህ አይደለም። ሥዕሎቹ የተሣሉት በሙሉ ፊት ላይ ነው፤ ሕክምናውን የሚሻው ሰው ግን ፊቱ የጎደለ ነው። በአገራችን ኖማ የሚጎዳቸውን እናስብ። የዓለም የጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ነው። በሽታው በድኻ ሕፃናት ድድ ጀምሮ ጉንጭንና ከንፈርን ይበላል፤ የዳነውም መንገጭላው በጠባሳ ይያዛል። የአፉ ማእዘን ወደ ጎን ከተሳበ ከየት ተነሥተን እንለካ? «ጥርስህን ንከስ» ብንለውስ ጡንቻው ጠባሳ ከሆነ ምን እንዳስሳለን?

ዶፕለር የተባለው መሣሪያ የደሙን ፍሰት በድምፅ ያሰማልና ይረዳል፤ ሆኖም አጠገብ ያለ ሌላ የደም ሥርም ያሰማል፤ የትኛው መሆኑን መለየት አሁንም የአናቶሚ ዕውቀት ነው። ጉንጩ ሲጠፋ ከጉዳቱ የራቀውን፣ ከጆሮ ፊት ከጉንጭ አጥንት ሥር በላይ የሚመታውን የሰሌን ደም ቅዳ መዳሰስ ይቻላል። ለእያንዳንዱ ምልክት መቼ እንደማይሠራና ያን ጊዜ ጣት ወዴት እንደሚሄድ ከሥዕሉ ጎን ቢጻፍልን፣ በሬሳ ክፍል የተማርነው በበሽተኛው አልጋ አጠገብ ይጠቅመን ነበር።