በስህተት የተወለደ ቃል

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ስለ አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ከየት መጣ? ማንስ ተጠቀመበት? መልሶቹ ሲጋጩ ሚዛን መድፋት ያለበት ሁለተኛው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም «ዴሪንግ ዱ» ከተባለው የእንግሊዝኛ ቃል የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ቃሉ ዛሬ ጀብዱ ማለት ሲሆን በተለይ በጀግና ትረካ ውስጥ ይገኛል። ሲጀመር ግን ስም አልነበረም። ጄፍሪ ቾሰር በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ትሮይለስና ክሪሰይድ» በተባለው ድርሰቱ፣ አንድ ፈረሰኛ የሚገባውን ለማድረግ እንደሚደፍር ሲገልጽ «መድፈር» እና «ማድረግ» የሚሉትን ግሶች አጠገብ ለአጠገብ አዋላቸው። ጆን ሊድጌት አነጋገሩን ወረሰ፤ የእርሱ መጽሐፍ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲታተም ደግሞ የፊደል ግድፈት ገባበት። ኤድመንድ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1579 ባሳተመው ግጥም ሁለቱን ግሶች እንደ አንድ ስም ወሰዳቸው፤ አብሮ የታተመው ማብራሪያም ወንድነትና የፈረሰኛ ጀግንነት ሲል ፈታው። ዋልተር ስኮት «አይቫንሆ» ውስጥ ሲያነሣው ቃሉ ለብዙ አንባቢ ደረሰ።

ስህተትን መመዝገብ ስህተትን ማጽደቅ ነው የሚሉ አሉ። አንባቢ መዝገበ ቃላትን እንደ ዳኛ ስለሚያይ ስጋታቸውን አልንቅም። ሆኖም ከስኮት ወዲህ ቃሉን የጻፉት ሰዎች የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ አንባቢውም ተረዳቸው። ጸሐፊና አንባቢ የተግባቡበትን ቃል የቾሰርን ሰዋስው ጠቅሶ መሻር አይቻልም። ተገቢው ሥራ ቃሉን ከነአወላለዱ፣ ግድፈቱን ሳይደብቁ መመዝገብ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ መጻፉ ከበቃ «አባኮት» ለምን ተጣለ? ይህ ቃል የእንግሊዝ ነገሥታት ባለ ሁለት ዘውድ ቆብ እየተባለ በብዙ መዛግብተ ቃላት ውስጥ ሲኖር ቆይቷል። እውነተኛው ስም «ባይኮኬት» ነበር፤ የቆብ ዓይነት ነው። ከስሙ በፊት የሚገባው «አ»፣ «አንድ» ለማለት የሚውለው መስተአምር፣ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ታተመ፤ በኋላ የመጡት የታሪክ ጸሐፊዎችና አራሚዎች ደግሞ አዛብተውና አሳጥረው «አባኮት» አደረጉት። በዚህ ስም ቆቡን የጠራ ለባሽም ሆነ ሰፊ አልተገኘም። አንዱ መዝገብ ከሌላው ገለበጠ፤ ምስክሮቹ ሲቆጠሩ ብዙ፣ ሲመረመሩ ግን አንድ ናቸው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ዋና አዘጋጅ ጀምስ መሪ እ.ኤ.አ. በ1882 ይህን አጋለጠ፤ የቋንቋ ሊቁ ዋልተር ስኪትም በ1886 እንዲህ ያሉትን «የመንፈስ ቃላት» ብሎ ሰየማቸው።

ስለዚህ ሁለቱን የሚለያቸው አወላለዳቸው አይደለም፤ ሁለቱም የግድፈት ልጆች ናቸው። አንደኛውን ሰዎች አሳብ ገለጡበት፣ ሁለተኛውን ግን ገለበጡት እንጂ አልተናገሩበትም። በአሮጌ መዝገብ ውስጥ እንግዳ ቃል የምታገኙ ባልደረቦቼ፣ ከድርሰት፣ ከደብዳቤ ወይም ከተናጋሪ አፍ የተገኘ ራሱን የቻለ ምስክር ፈልጉለት፤ ካጣችሁ አታስገቡት።