ሳቁ ሳያልቅ የሚመጣ ጥይት

የታኬሺ ኪታኖ «ሶናቲን» ገና ከመጀመሩ አንድ ሰው ይሞታል፤ የሚሞተውም ገዳዮቹ ወሬ ይዘው ስለረሱት ነው። ሙራካዋ የተባለው የያኩዛ አለቃ፣ እምቢ ያለውን የቁማር ቤት ባለቤት በክሬን አንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ያስነክረዋል። ከዚያ ከሰዎቹ ጋር ጨዋታ ይይዛል። ትዝ ሲላቸው ሰውየው ሞቷል። ሂሳብ ሳይከፍል ከካፌ የወጣ ሰው እንኳ ከሙራካዋ የበለጠ ይደነግጣል።

ሳቃችሁ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ «ምን ሆኜ ነው የሳቅኩት?» ትላላችሁ። ፊልሙ በሙሉ ይቺን ጥያቄ ነው የሚያሳድደው።

ኪታኖ በ1993 የወጣውን ይህን ፊልም ጽፎ፣ አዘጋጅቶ፣ አርትዖቱን ሠርቶ፣ ሙራካዋንም ራሱ ተጫውቶታል። ታሪኩ ቀላል ነው። ሙራካዋ የቡድኖችን ጠብ እንዲያበርድ ከቶኪዮ ወደ ኦኪናዋ ይላካል፤ ነገሩ ወጥመድ ሆኖ ይገኛል፤ የተረፉት ባሕር ዳር ያለች ቤት ውስጥ ይደበቃሉ። እዚህ ጋ ሌላ ፊልም ቢሆን በቀል ይጀመራል። እዚህ ግን ጨዋታ ነው የሚጀመረው። ወንበዴዎቹ አሸዋ ቆፍረው ጓደኛቸው እንዲወድቅበት ይጠብቃሉ፤ ሱሞ ይታገላሉ፤ ማታ ለሁለት ተከፍለው በርችት ይዋጋሉ። ልክ ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ልጆች።

ኪታኖ ጃፓን ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው «ቢት ታኬሺ» በሚል ስም በኮሜዲያንነት ነው። ኮሜዲያን ደግሞ ከሁሉ በላይ ዝምታን ያውቃል፦ ቀልዱ ከመፈንዳቱ በፊት ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንዳለበት። እዚህም ካሜራው አይንቀሳቀስም፣ ፊቶች አይነበቡም። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው ሳቅ ይሁን ጥይት አስቀድማችሁ አታውቁም። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ተኩስ ሲከፈት ሰዎቹ አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ቀጥ ብለው ቆመው ይተኩሳሉ። ጀግንነት የሚባል ነገር የለም።

የፊልሙ ልብ ያለው ባሕር ዳሩ ላይ ነው። ሁለት ወጣቶች በሽጉጥ ሲቀልዱ ሙራካዋ ይቀላቀላቸውና ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ ያጫውታቸዋል፤ የተሸነፈው ራሱ ላይ ሊተኩስ። በመጨረሻ የሚሸነፈው እሱ ነው። ፈገግ ብሎ ጭንቅላቱ ላይ ደግኖ ይስባል። ሽጉጡ ባዶ ነበር። ቀልድ ነው እንበል? ማታ ግን ያንኑ በሕልሙ ያየዋል፤ በሕልሙ ጥይቱ አለ። ያ ፈገግታ የጀግና አይደለም፤ መኖር የሰለቸው ሰው ፈገግታ ነው።

እንከን የለውም አልልም። ሙራካዋን የምትቀርበው ሚዩኪ ብዙውን ጊዜ እሱን ከማየትና ከመጠበቅ ያለፈ ሕይወት አልተሰጣትም። የጆ ሂሳይሺ ሙዚቃም (አዎ፣ የ«ስፒሪትድ አዌይ» ሙዚቃ ደራሲ) አንዳንዴ ሞትን ከሚገባው በላይ ያሳምረዋል። የሙራካዋን ነጭ ሸሚዝና ዝምታ ብቻ ወስዶ «እንዴት ያምራል!» ብሎ መውጣትም ይቻላል።

ግን መጨረሻውን እዩት (ካላያችሁት ይህን አንቀጽ ዝለሉት)። ፊልሙን ሙሉ የጠበቅነው ታላቁ ተኩስ ሲመጣ ኪታኖ ውጭ ያስቀረናል። ጨለማ በዋጠው ሆቴል መስኮቶች የጥይት ብልጭታ ብቻ ይታየናል፤ ከሩቅ የርችት ጨዋታውን ይመስላል። ሙራካዋ ከዚያ በሕይወት ይወጣል። ሚዩኪ መንገድ ላይ እየጠበቀችው ነው። እሱ ግን መኪናውን ያቆምና ሽጉጡን ጭንቅላቱ ላይ ይደግናል። በዚህኛው ጥይት አለ፤ የሚስቅም ሰው የለም።