ጠያቂ ያጣ ሕመም፦ የአእምሮ ሕመምተኛና አስታማሚው በእኛ ማኅበረሰብ

በልጅነቴ አንዲት ጎረቤታችን እግራቸው ተሰብሮ ሦስት ወር ያህል አልጋ ላይ ዋሉ። በእነዚያ ወራት ቤታቸው ከሰው ተለይቶ አያውቅም። ብርቱካን የያዘ፣ ዳቦ የጋገረች፣ ወተት በጠርሙስ ያመጣች፣ ሁሉም "እግዜር ይማርዎት" እያለ ይገባል። ቡና ይፈላል፤ "ወጌሻው ምን አለ? እንቅልፍስ ይወስድዎታል?" ይባላል። ወደ እሳቸው መኝታ በሚወስደው መተላለፊያ ላይ ባለች ጓዳ ውስጥ ደግሞ ትልቁ ልጃቸው ነበር። ከታመመ ዓመታት አልፈውታል። ሌሊት ሌሊት ብቻውን ያወራል፤ ቀን ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እናቱን ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ በእሱ በር ያልፋል። በሩን ገፋ አድርጎ "አንተስ እንዴት ዋልክ?" ያለው ሰው ግን አላየሁም። ከእናቴ ጋር ዳቦ ይዤ ስሄድ እኔም ካለፉት አንዱ ነበርኩ።

ይህ ዳሰሳ የሚነሣው ከዚያች በር ነው። የታመመን መጠየቅና ማስታመም በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ወግ ነው። የአእምሮ ሕመም ግን ከዚህ ወግ ውጭ ቀርቷል። ታማሚው ሕመምተኛ፣ ተንከባካቢውም አስታማሚ ተብሎ አይቆጠርም። ብዙ ጊዜ ችግሩን በ"ግንዛቤ እጥረት" እንሸፍነዋለን። እኔ ግን ስሙን "የወግ መቋረጥ" ብለው ይሻለኛል፤ የተቋረጠ ወግ ከየት እንደተቋረጠ ከታወቀ ሊቀጠል ይችላልና።

"ታመመ" እና "አበደ"

አማርኛ እነዚህን ሁለት ግሦች አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። "ታመመ" የተባለን ሰው የሚያጅቡት ቃላት ብዙ ናቸው፦ ይጠየቃል፣ ይታከማል፣ ይሻለዋል፣ ያገግማል፣ ይድናል። ከአጠገቡ የማይለየውም "አስታማሚ" የሚል የክብር ስም አለው። "አበደ" የተባለውን የሚከተሉት ቃላት ግን "ለየለት"፣ "ጨርቁን ጣለ"፣ "ነካ አደረገው" ናቸው። "ለየለት" የሚለውን ልብ እንበል። ነገሩ ተቆርጧል፣ ከእንግዲህ የሚጠበቅ የለም ማለት ነው። "እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው" የሚለው ተረትም ይህንኑ ፍርድ ያጸናል፤ ሰውየው ቢረጋጋ እንኳ መረጋጋቱ አይታመንም።

ተረቱ ከባዶ አልተነሣም። አንዳንድ የአእምሮ ሕመሞች እየተሻሉ እየተመለሱ የሚሄዱ መሆናቸውን የጥንቱ ሰውም አይቶታል። የሳተው የእፎይታውን ዋጋ ነው። ያ "እኩለ ቀን" በተገቢ ክትትል ወራትን፣ ዓመታትን ሊያህል ይችላል። በዚያ ጊዜ ሰውየው የሚሠራ፣ የሚወድ፣ የሚያዝን ሙሉ ሰው ነው።

ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረው አማኑኤል ስሙ "እግዚአብሔር ከእኛ ጋር" ማለት ነው። በከተማው አፍ ግን "አማኑኤል ውሰዱት" ስድብ ሆነ። የመዳኛ ቤት ስም መሰደቢያ ሲሆን፣ ወደዚያ ሊሄድ የሚገባው ሰው እግሩ ከደጃፉ በፊት ይታሰራል።

የዚህ ቋንቋ ዋጋ ተለክቷል። ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት 178 የታማሚ ቤተሰቦች ሦስት አራተኛው የመገለል ስሜት እንዳለባቸው ተናግረዋል። ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ሕመሙ እንዲደበቅ ይፈልጉ ነበር። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልን እንመክራለን፤ ቤተሰቡ ግን የሚደብቀው መናገሩ የሚያስከፍለውን አስልቶ ነው። ሴት ልጅ የምትዳርበት ቤት አለ፤ ኪራይ የሚከለክል አከራይ አለ። ምክሩ እውነት የሚሆነው ሰሚው ሲለወጥ ነው።

የቡታጅራ ምስክርነት

ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም በኢትዮጵያ ገጠር ያለን ጥልቅ ዕውቀት ባብዛኛው የተገኘው ከቡታጅራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2001 ድረስ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠየቁ። ከእነዚህ ከባድ ሕመሞች አንዱ የሆነው ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው መካከል ቀደም ሲል ዘመናዊ ሕክምና ያገኙት ከአሥሩ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

ከአሥር ዓመት ክትትል በኋላ የመጣው ውጤት የከበደ ነው። በአበባው ፈቃዱ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናት 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሎ 121ዱ መሞታቸውን መዝግቧል። የሞት መጠኑ ከአካባቢው ሕዝብ እጥፍ ነበር፤ የሞቱትም በአማካይ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው። ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉን ያስከተለው ተላላፊ በሽታ ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ይናገራል። ሰዎቹን የቀጠፋቸው በአብዛኛው ሌላው ሰው የሚታከመው፣ የሚድነው በሽታ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ሲያተኩሰው፣ ሲያስለው "ያው ሕመሙ ነው" ይባላል፤ ጠያቂ የሌለው ሰው ሳንባው ሲታመምም የሚያስተውልለት አያገኝም።

አኃዙ ሌላ ጥያቄም ያስነሣል። በዚያው ቤት ለቤት በተደረገው አሰሳ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው ከአምስቱ አራቱ ያህል ወንዶች ናቸው። ልዩነቱ እንዲህ የሰፋው ሕመሙ ወንዶችን ስለሚያበዛ ብቻ ነው? ወንዱ መንገድ ላይ ሲወጣ ይታያል። ጓዳ ገብታ ዝም ያለችውን ሴት ግን "አመለኛ" ወይም "ጭምት" ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የማይታይ ሕመም ደግሞ አይቆጠርም።

ሰንሰለቱና ሞሰቡ

በሶዶ ወረዳ በላውራ አሸር መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ታማሚዎች በቤታቸው ስለሚታሰሩበት ሁኔታ ቤተሰቦችን አነጋግሯል። ከሩቅ ሲታይ ሰንሰለት ጭካኔ ነው። ቀርቦ ለሚሰማ ግን የሚያስረው እጅ ብዙ ጊዜ የሚያለቅስ እጅ ነው። ልጁ ሌሊት ወጥቶ ገደል እንዳይገባ፣ የሰው እህል ነክቶ እንዳይደበደብ፣ እናት ደግሞ ጠዋት ገበያ ካልሄደች ቤቱ ጦሙን ስለሚያድር ይታሰራል። ይህን መረዳት ማሰርን ትክክል አያደርገውም፤ እግር ያቆስላል፣ ክብርም ይገፋል። ነገር ግን ሰንሰለቱን በሕግና በወቀሳ ብቻ ለማስፈታት የሚነሣ ሰው፣ በማግስቱ ማን ከልጁ ጋር እንደሚውል መመለስ አለበት።

መድኃኒቱም የራሱ ጥያቄ አለው። "መድኃኒቱን እምቢ አለ" የሚለው ስሞታ የተለመደ ነው። ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ግን ታማሚዎች መድኃኒት ከሚያቋርጡባቸው ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ረሃብ ሆኖ ተገኝቷል። መድኃኒቶቹ የምግብ ፍላጎት ይጨምራሉ፤ ቤቱ ደግሞ የሚቀርብ ነገር የለውም። እንግዲህ ባዶ ሞሰብ ፊት ክኒን የሚውጠውን ሰው እናስብ። የሚሻለው አእምሮው፣ የሚብስበት ሆዱ ነው። በሶዶ የተደረገ ሌላ ጥናትም ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ቤት ለጽኑ የምግብ እጦት የሚጋለጠው ከሌላው ቤት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ በኋላ እንጀራ ይዞ መሄድን ከሕክምና ነጥሎ ማየት ይከብደኛል።

ጠበልና ክኒን

ብዙ ቤተሰብ ከሆስፒታል በፊት ጠበል ይሄዳል። ይህን "ኋላቀርነት" ብሎ መናቅ ቤተሰቡን ከሁለቱም ያርቀዋል። ጠበል ቦታ ላይ ታማሚው ስም አለው፤ ይጸለይለታል፤ እናቱም መሰሎቿን ታገኛለች። ያ የጠፋው የመጠየቅ ወግ በከፊል የተረፈው እዚያ ነው ለማለት እደፍራለሁ። አደጋው "ክኒኑን ከጣልክ ብቻ ትድናለህ" ሲባል ነው። መውጫው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ መክረዋል። በአእምሮ ሕክምናም የአዲስ አበባ ሐኪሞች ከጠበል ቦታ አገልጋዮች ጋር ተባብረው የሠሩበትን ልምድ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትመዋል። ካህኑና ሐኪሙ ሲነጋገሩ፣ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ትገደድ የነበረችው እናት ታርፋለች።

ቤት ድረስ የሚሄድ እግር

በሶዶ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ሙከራ ለዚህ ዳሰሳ ክርክር ዋናው ማስረጃ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 166 ሰዎች ተሳተፉበት። ሁሉም በጤና ጣቢያ ክትትል ነበራቸው። ከፊሎቹን ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ያልሆኑ፣ ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ዓመት ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ደገፏቸው። ስለ ሕመሙ ከቤተሰቡ ጋር ይወያያሉ፤ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ይረዳሉ፤ ታማሚው ወደ ሥራው፣ ወደ ለቅሶና ሰርግ እንዲመለስ አብረው ያቅዳሉ፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችም ያስተባብራሉ። በዓመቱ መጨረሻ የእነዚህ ሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሮ ጉድለት በክትትል ብቻ ከቀሩት ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ማጋነን አይገባም። ጤና ጣቢያውና መድኃኒቱ ባይኖሩ ጉብኝቱ ብቻውን የሚያመጣውን ጥናቱ አልለካም። አንድ ዓመትም ለዕድሜ ልክ ሕመም አጭር ነው። ሆኖም ከወጋችን የምናውቀውን ነገር በመለኪያ አሳይቶናል። ሕክምናው ላይ የጠያቂ እግር ሲጨመር ሰው ይበልጥ ይቆማል።

እዚህ ላይ በአገራችን እጅግ የተወደደውን አንድ መፈክር ማንሣት ግድ ነው። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል "ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" ይላል። ይህ ቃል ከጎዳና የተነሡ ብዙ ሰዎችን አልብሷል፣ አብልቷል፤ ሚሊዮኖችንም ለመስጠት አነሣስቷል። "ገንዘብ የለኝም፣ ሐኪም አይደለሁም" ለሚል ሰው ሰበብ አይተውለትም። እንደ መነሻ እቀበለዋለሁ። ልጇን ሃያ ዓመት ላስታመመች እናት ግን አይበቃትም። ሰውነቷን አላጎደለችም፤ ያጣችው እንቅልፍ፣ ተተኪ፣ የመድኃኒትና የመጓጓዣ ገንዘብ ነው። ወደ ማዕከል የምንልከው እርዳታም የቅርባችንን በር ካስረሳን፣ ቸርነታችን ራሱ ሌላ መተላለፊያ ይሆናል።

የመጠየቅ ሥርዓት

አንድ ተቃውሞ አለ። ታማሚውን ወደ "ሕመምተኛ" ወግ ማስገባት በሌላ ስም ማሰር አይሆንም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰው ሕመሙ ብቻ አይደለም። ለዚህም ነው የመጠየቁ አኳኋን የሚያስጨንቀኝ። ስለ እሱ እናቱን ከመጠየቅ በፊት እሱን ራሱን መጠየቅ። የሚሰማውን ድምፅ "የለም" ብሎ አለመሟገት፣ "አዎ፣ እኔም ሰማሁት" ብሎም አለመዋሸት፤ "አንተን ግን ያስፈራህ ይሆናል" ማለት ይቻላል። ከሕመሙ ሌላ ወሬ ይዞ መሄድ፦ ስለ ኳስ፣ ስለ ዝናቡ፣ ያውቀው ስለነበረው ሥራ። ጥቂት ቆይቶ መነሣት፣ በሳምንቱም መመለስ። ስለ መሞት ካነሣ አለመደንገጥ፣ በግልጽ መጠየቅ፣ ብቻውን ሳይተዉ ወደ ሕክምና ማድረስ።

ለዚህ የሚሆን ተቋም ደግሞ በየሰፈሩ አለን። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወጣል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ተራ አውጥቶ ያስተዛዝናል። ሠላሳ ዓመት ቀድሞ ለሚሞተውም ሰው ድንኳኑ አይቀርም። ያው ተራ፣ ያው መዋጮ ሰውየው በሕይወት ሳለ ቢጀመርስ? በመተዳደሪያ ደንቡ አንድ አንቀጽ ቢጨመር፣ አስታማሚዋ በሳምንት ግማሽ ቀን የምታርፍበት ተራ፣ ለወርኃዊ መድኃኒት የሚሆን የመጓጓዣ ብር፣ ከሞሰቡ የማይጎድል እንጀራ ይገኝ ነበር። ቤተሰቡም ሚስጥሩን የሚያካፍለው ሰው ያገኛል።

እኚያ ጎረቤታችን እግራቸው ድኖ ከአልጋ የተነሡ ዕለት ጠያቂዎቻቸውን ሁሉ ቡና ጠርተው አመሰገኑ። ቡናው ሲያልቅ አንዱን ሲኒ ሞልተው፣ በተጠገነው እግራቸው ቀስ እያሉ፣ ወደ ጓዳዋ ይዘው ገቡ። እኛ በረንዳው ላይ ነበርን። ያቺን ሲኒ ተቀብሎ ይዞላቸው ለመግባት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር፤ መነሣት ነበር የቀረን።