«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንት ቁጥር ነው?

የካንሰር ሕመምተኛ ኑሮ እንዴት እንደ ሆነ ለመለካት በብዙ አገር ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት ያዘጋጀው ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን 30 ጥያቄዎች አሉት፤ የአማርኛው ትርጉምም በአዲስ አበባ በጡት ካንሰር ሕመምተኞች ዘንድ ተፈትኖ ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ሐኪም ስለ እብጠቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ቤተ ሰብ እንዲጠይቅ ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው። እኛ የምንተቸው በሽታው ላገረሸበት የጎጃም ገበሬ ሲቀርብ የሚያመልጠውን ነው።

ከባድ የገበያ ዕቃ ስለ መሸከም የሚጠይቀው በእንስራ ውሃ ወይም በእንጨት ሸክም ቢለወጥ ይበቃል፤ ይህ ቀላል ነው። ከባዱ የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ ይኸውም ጤናንና ኑሮን ከ1 እስከ 7 ባለው ቁጥር መመደብ ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ «እንዴት ሰነበቱ?» ለተባለ ሰው መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ሌላ ማለት ማማረር ይሆናል።

አንዲት ዘመዳችን የጡት ካንሰር ታክመው ከሦስት ዓመት በኋላ አገረሸባቸውና እንደገና ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ መጡ። መጠይቁ ሲነበብላቸው ለመጨረሻው ጥያቄ ስድስት አሉ፤ ሰባት ማለት ትዕቢት መስሏቸው ነው። የገንዘብ ችግርን ለሚመለከተው አንድ ጥያቄም «ጥቂት» ብለው መለሱ። ማታ ግን ባረፉበት ቤት እንቅልፍ አጥተው ልጃቸውን፣ «በሬውን እንዳትሸጥ፤ ሰኔ ሲገባ በምን ልታርስ ነው?» ይሉት ነበር። ላሚቱና በጎቹ በፊተኛው ሕክምና አልቀዋል። እንግዲህ መልሳቸው ሐሰት አልነበረም፤ መጠይቁ የሚጠይቀው ስላለፈው ሳምንት ነው፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ በሬው ገና አልተሸጠም። ያገረሸበት ሰው ጭንቀት ያለው በመጪው ሰኔ ላይ ነው።

ላዛረስና ፎክማን በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት መጽሐፍ ጭንቀትን የመቋቋሚያ መንገዶችን በሁለት ይከፍላሉ፤ አንዱ ችግሩን ራሱን መለወጥ፣ ሁለተኛው ችግሩ ያስነሣውን ስሜት ማስታገሥ ነው። እነርሱ አንዱን ከሌላው አላስበለጡም። ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ግን ጠበል መሄድን ያለ ማመንታት ከሁለተኛው የሚመድብ አይጠፋም። ጠበልተኛዋን ብንጠይቃት የሄድሁት ልድን ነው ትለናለች፤ ስለዚህ በራሷ አስተያየት ከፊተኛው ወገን ናት። በሬ እንዳይሸጥ መለመንስ ከየትኛው ነው? ሕክምናን መተው ነው የሚል ይኖራል፤ ለእኚያ እናት ግን ቤታቸውን ማዳን ነበር።

ሠላሳውን ጥያቄ መለዋወጥ ከሌላው አገር ጋር ማወዳደርን ያበላሻልና አንመክረውም። ድርጅቱ ራሱ ለጡት ካንሰር 23 ጥያቄዎች ያሉት ተጨማሪ ክፍል አውጥቷል። ላገረሸበትም ሰው እንዲሁ ለብቻው አጭር ክፍል ቢዘጋጅ፣ ስለሚፈራው ነገርና ቤተ ሰቡ ሊሸጥ ስላሰበው ንብረት ቢጠይቅ እንወዳለን። ከቁጥሩም አጠገብ ሕመምተኛው በገዛ አፉ የተናገረው ይጻፍ፤ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ያለ ሰው ከአራቱ መልሶች በየትኛው እንደሚመደብ እኛ አናውቅም።

ልጅየው በሬውን ደብቆ ሸጠ። ዘመዳችን ይህን ባወቁ በሳምንቱ ያው መጠይቅ ሲነበብላቸው የመጨረሻው መልሳቸው እንደገና ስድስት ነበር።