ከባሩዱ በፊት አረሩን

ኮሎራዶ ውስጥ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን የሚያድኑ ብዙ ሰዎች ጥይት ሲመርጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ፍጥነቱን ነው። እኔ የምጠይቀው አረሩን ነው። የደረሰ ወንድ ኤልክ ክብደቱ 300 ኪሎ ያልፋል፤ ልቡና ሳንባው ያሉት ከወፍራም የትከሻ አጥንት ጀርባ ነው። የግዛቷ ሕግ ለኤልክ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረትና 85 ግሬይን ክብደት ያለው አረር ይጠይቃል። ይህ ዝቅተኛው ወሰን ነው፤ እንስሳው ዞር ብሎ ከቆመ ግን ያን ያህሉን አላምነውም።

የምይዘው 9.3 በ62 የሚባለውን ጥይት ነው። ኦቶ ቦክ የተባለ የበርሊን ጠመንጃ ሠሪ በ1905 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን፣ በተለመደው ማውዘር 98 ጠመንጃ ውስጥ እንዲገባ አድርጎ ነው የሠራው። ብዙም ሳይቆይ አፍሪካ የሰፈሩ የጀርመን ገበሬዎችና አዳኞች ያዙት። አረሩ 18.5 ግራም ይመዝናል፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 720 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ማግነም ከሚባሉት የዛሬ ፈጣን ጥይቶች ጋር ሲተያይ ዝግ ያለ ነው። የምወድለትም ይህንኑ ነው፤ አጥንት ሰብሮ ጠልቆ ይገባል፣ ሥጋውንም እንደ ፈጣኖቹ አያበላሽም።

የፍጥነትን ጣጣ ጆን ኖዝለር የተባለው አሜሪካዊ በ1946 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አይቶታል። ፈጣኑ አረሩ ሙስ በሚባለው ግዙፍ አጋዘን ጭቃ የጋገረ ቆዳ ላይ እየተበተነ፣ እንስሳውን ቶሎ መጣል አቃተው። ከዚያ በኋላ መሐሉን የመዳብ ግድግዳ የሚከፍለው አረር ሠራ፤ ፊተኛው ክፍል ሲፈረካከስ ኋለኛው ሳይበተን ጉዞውን ይቀጥላል።

ጥይቴን የምሞላው ራሴ ነኝ። አገራችን ኢትዮጵያ ውስጥ በምኒልክ ዘመን ጥይት ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ባዶ ቀለህ መጣል የማያስችለኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ይሁንና ሁሉም ቀለህ ዳግም አይሞላም። ከታች ዙሪያውን ነጣ ያለ መስመር ያወጣ ከሆነ ናሱ ሳስቷል፤ ሊበጠስ ተቃርቧል። ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ አስገብቼ ግድግዳውን ከውስጥ እዳስሳለሁ፤ ጎድጎድ ያለ ነገር ከነካኝ ቀለሁን ጨፍልቄ እጥለዋለሁ። ጤነኛውን ቅባት ቀብቼ ወደ ልኩ እመልሰዋለሁ፤ አንገቱ ከረዘመ እቆርጠዋለሁ።

ባሩድ ሲሞላ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ሬዲዮ አይከፈትም፣ እንግዳ አይገባም። ከመመሪያ መጽሐፉ መነሻ መጠን ጀምሬ በትንሽ በትንሹ እጨምራለሁ። አረሩን ከመግጠሜ በፊት የእያንዳንዱን ቀለህ ባሩድ በባትሪ ብርሃን አያለሁ፤ ከጎረቤቶቹ ዝቅ ወይም ከፍ ያለ ካለ ተገልብጦ እንደገና ይመዘናል።

የዚህ ጥይት የግፊት ጣሪያ 3900 ባር ነው። ከተኮስሁ በኋላ የጠመንጃው ማቀባበያ ከከበደኝ፣ ወይም ከቀለሁ ቂጥ ያለችው እሳት ጫሪ ካፕሱል ከተጨፈለቀች፣ እዚያው አቆማለሁ። ምልክቱ አለመታየቱ ግን ከመጽሐፉ ወሰን ለማለፍ ፈቃድ አይደለም፤ ምልክት ሳያሳይ የሚያልፍ ግፊት አለ፣ ሙቀት ሲጨምር ደግሞ የአንዳንድ ባሩድ ግፊት ይብሳል። በሰከንድ 30 ሜትር መጨመሩን ኤልኩ አያውቀውም። ጠመንጃው ግን ያውቀዋል።

ጀማሪ ከሆናችሁ በቅርብ ጊዜ የታተመ መመሪያ ግዙ፤ ለሌላ ሰው ጠመንጃ የተስማማውን መጠን አትቅዱ። በየሣጥኑ ላይ የባሩዱን ስም፣ መጠኑን፣ አረሩንና ቀኑን ጻፉ። በውስጡ ምን እንዳለ የማታውቁትን ጥይት አትተኩሱ።